ብቻውን የሚበላ ሰው ማዕድ

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ መብላት የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቈጠርም። መሶቡም፥ እንጀራውም፥ ወጡም፥ የእጅ ማስታጠቢያውም ለብዙ ሰው እንዲበቃ ሆኖ የተሰናዳ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት ከሕፃንነት ጀምሮ ለልጅ የሚነገር በመሆኑ፥ ከሰው ተለይቶ መብላት የንፉግ ወይም የተጣለ ሰው ምልክት መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በዚሁ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ያልነበረበት ዘመን የለም። መንገደኛው፥ ወታደሩ፥ የቆሎ ተማሪው፥ መነኵሴው፥ መበለቲቱ፥ በኋላም በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ወንደላጤ፥ ሁሉም በየጊዜው ያለ ባልንጀራ ማዕድ የሚቀርቡ ናቸው።

እንግዲህ ሥርዐቱ ብቸኛውን ተመጋቢ የሚነቅፍ ከሆነ፥ እነዚህ ሰዎች እንዴት ይበላሉ? በልተውስ ክብራቸውን እንዴት ይጠብቃሉ? የማዕድ ልማድ በሚጠናበት ጊዜ ግብሩና ድግሱ ብዙ ሲነገርለት ይህ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገሩ በቅርብ ሲታይ ተረቱ የሚነቅፈው ብቻ መሆንን ሳይሆን መንፈግን መሆኑ ይገለጣል። የባልትና ሙያም የብዙዎችን ማዕድ እንደሚያሰናዳ ሁሉ የብቸኛውን ስንቅ አስቀድሞ የሚያሰናዳ ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

1. ማዕዱ የብዙ ሰው የሆነበት ምክንያት

የማዕዱ የብዙነት ምክንያት የጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከአሠራሩም የሚመጣ ነው። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ 2 ወይም 3 ቀን በቡሓቃ ይቆያል። ከዚያም ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ከበሰለ በኋላ ተመልሶ ይቀላቀላል፤ ይህም አብሲት መጣል ይባላል። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል። ምጣዱ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ በመሆኑ እስኪግል ድረስ ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ አንዴ ከጋለ ግን ባለሙያዋ ሴት በተከታታይ ብዙ እንጀራ ታወጣበታለች። ስለዚህ ለአንድ ሰው 1 ወይም 2 እንጀራ ብቻ ለመጋገር ምጣድ መጣድ ድካሙንም እንጨቱንም ማባከን ነው። ብዙ ቢጋገርም እንጀራው ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ ሳይሻግት ስለማይቆይ፥ በተለይም በክረምት፥ ብቸኛው ሰው በልቶ ሊጨርሰው አይችልም።

ወጡም እንደዚሁ ነው። የዶሮ ወጥ በሥርዐቱ ሲሠራ ዶሮይቱ 12 ብልት ትሆናለች፤ ብልቶቹም በማዕረግና በዕድሜ ይታደላሉ። ፈረሰኛ የተባለው ለአባወራው የሚቀርብ ነው። ዶሮ ወጥን ለአንድ ሰው መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን 12ቱን ብልት የሚቀበል ሰው ከሌለ አከፋፈሉ ትርጉም ያጣል። ወጡ ከነማዕረጉ የቤተ ሰብን ሥርዐት የሚያሳይ በመሆኑ፥ ብቸኛው ሰው የሚያጣው ሥጋውን ሳይሆን ይህን ሥርዐት ነው።

ቋንቋውም ይህንኑ ያስረዳል። መጉረስ ማንም ለራሱ የሚያደርገው ነው፤ ማጉረስ ግን ሌላ ሰው ይሻል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተውሉት «እንብላ» የሚለው ቃል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሲበላ ሌላ ሰው ቢገባበት ወይም በደጁ ቢያልፍ፥ በልማድ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል ይህ ነው። ግሡ የብዙ ነው። ተናጋሪው በማዕዱ ላይ ብቻውን ቢሆንም ማዕዱን የብዙ አድርጎ ይጠራዋል። መጪው በልቶ የመጣ ቢሆን እንኳ ግብዣውን በምስጋና ይመልሳል፥ ወይም ጥቂት ይቀምሳል። ሳይጋበዝ የሚታለፍ ሰው ግን ቅሬታ ያድርበታል። በዚህ ቃል አማካይነት ብቸኛው ተመጋቢ ከንፉጉ ይለያል። ምንም እንኳ በመሶቡ ያለው ለአንድ ሰው የማይበቃ ቢሆን «እንብላ» ያለ ሰው ብቻውን በላ አይባልም፤ ሰፊ ማዕድ ይዞ በሩን የዘጋ ግን ይባላል።

2. ብቻውን መብላት የማያስነቅፍባቸው ሁኔታዎች

ተለይቶ መብላት የክብር ምልክት የሚሆንበት ጊዜም ነበር። በቤተ መንግሥት ግብር ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ምሳቸውን በመጋረጃ ተከልለው ይጀምራሉ፤ አብረዋቸው የሚቀመጡትም የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። መጋረጃው የሚገለጠውና ሕዝቡ በየማዕረጉ የሚስተናገደው ከዚያ በኋላ ነው። በሚበላ ሰው ላይ ክፉ ዓይን እንዳያርፍ መከለል በመኳንንቱም በተራውም ሰው ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። እንግዲህ ከሰው ዐይን ተሸሽጎ መብላት ራሱ ነውር ሆኖ አልተቈጠረም ማለት ነው። ንጉሡ ተለይቶ ቢበላም ከእርሱ በኋላ መላው አዳራሽ ይበላልና።

ሁለተኛይቱ ብቸኛ ተመጋቢ የቤቱ እመቤት ወይም ወጥ ቤቷ ናት። በቀድሞው ልማድ መጀመሪያ እንግዳውና ወንዶቹ ይበላሉ፤ ሴቶቹና ልጆቹ ይከተላሉ፤ ያበሰለችው ሴት ግን ሁሉ ከጠገበ በኋላ በጓዳ ተቀምጣ የቀረውን ትቀምሳለች። ብዙ ጊዜም ይህን የምታደርገው ብቻዋን ነው። ስለዚህ ነገር የተነገረ ተረት በጣም ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ በየቀኑ ከሰው ተለይቶ በመብላት በኩል ከእርሷ የሚበልጥ አልነበረም። እርሷን ማንም ብቻዋን በላች ብሎ አለመንቀፉ፥ ነቀፌታው ከመቀመጫው ሳይሆን ከመንፈጉ የሚመጣ መሆኑን ያረጋግጣል። ለሁሉ ያበላች ሴት በመጨረሻ የምታገኘው ቀዝቃዛ ትራፊ መሆኑ ግን የሥርዐቱ ጉድለት ሆኖ መመዝገብ ይገባዋል።

በገዳማትም ሁለት ዐይነት ኑሮ አለ። በአንድነት ገዳም መነኮሳቱ ሥራውንም ማዕዱንም በጋራ ያደርጋሉ። በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኵሴ በየበኣቱ የራሱን ምግብ ያሰናዳል። የቁሪቱ መነኵሴ ብቸኝነቱ በፈቃድና በሥርዐት የተያዘ ስለ ሆነ፥ ማዕዱ በመጠንና በሰዓት የተወሰነ፥ በጸሎት የሚጀመርና በጸሎት የሚፈጸም ነው።

3. ስንቅ

ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች ምግብ የሆነው ስንቅ የተባለው የባልትና ክፍል ነው። የስንቅ ጠባይ አራት ነው፤ ይደርቃል፥ ይቀላል፥ ሳይበላሽ ይቆያል፥ በሚበላበትም ጊዜ ጥቂት እሳት ወይም ፈጽሞ እሳት አይፈልግም። ድካሙ ሁሉ አስቀድሞ በብዙ እጅ ስለ ተፈጸመ፥ ለተመጋቢው የሚቀረው ትንሽ ነው።

ከእነዚህ ዋነኛው በሶ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ ገለባው ከተለየ በኋላ በምጣድ ይቆላል፤ ከዚያም ይፈጫል። መንገደኛው ዱቄቱን በውሃና በጨው ጨብጦ ይበላዋል፤ ወይም በጥብጦ ይጠጣዋል፤ ማር ወይም ንጥር ቅቤ ቢያገኝ ምግቡ የጌታ ምግብ ይሆናል። ገብሱ አስቀድሞ የበሰለ በመሆኑ እሳት አያስፈልገውም። ይኸው ዱቄት ከቅመምና ከብዙ ንጥር ቅቤ ጋር ሲለወስ ጭኮ ይሆናል፤ ይህም በሰላሌና በአርሲ ባሉ ኦሮሞዎች ዘንድ የታወቀና ብዙ ጊዜ የሚቆይ ምግብ ነው። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ታሽቶ በትንንሹ የተቆራረጠና በምጣድ የተቆላ ሊጥ ነው፤ በኪስ ተይዞ እየተሄደ ይበላል።

ቋንጣ የሚሠራው ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ በጨውና በበርበሬ ከታሸ በኋላ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ነው። ድርቆሽ ደግሞ ከመሶብ የተረፈው እንጀራ ተቆራርጦ በፀሐይ የደረቀ ነው፤ እርጥበት ካላገኘው ለወራት ይቆያል፤ በወጥ ወይም በርበሬና ዘይት በገባበት ሙቅ ውሃ ሲርስ ተመልሶ ፍርፍር ይሆናል። በድርቆሽ አማካይነት የእንጀራ ትልቁ ችግር፥ ማለትም ለአንድ ሰው ብዙ መሆኑና ቶሎ መሻገቱ፥ መፍትሔ አግኝቷል።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ከመንግሥት የተደራጀ የስንቅ ክፍል ስላልነበረው፥ ብዙው ወታደር ከቤቱ የተቋጠረለትን ይዞ መሄድ ነበረበት። ጥሬ ዱቄት ብቻ የቀረው ሰው ሊጡን በጋለ ድንጋይ ላይ ጠቅልሎ በፍም ውስጥ በመጋገር ብርኩታ ያደርገዋል። ይህም ምጣድም ባለሙያም የሌለው ሰው የሚሠራው ዳቦ ነው። ነገር ግን ዱቄቱን የፈጨ ሌላ እጅ መኖሩን መርሳት አይገባም። በሶው በሚጨበጥበት ሜዳ ተመጋቢው አንድ ነው፤ ገብሱን የሸከሸኩት፥ የቆሉትና የፈጩት ግን እናቱ፥ እኅቶቹና ጎረቤቶቹ ናቸው።

4. የቆሎ ተማሪ

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚከታተለው ወጣት ስሙን ያገኘው ከስንቅ ነው። ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ ይሄዳል፤ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ የሚሆን ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ባለጠጋ ወላጆች ያሉት ልጅ እንኳ በተማሪነቱ ዘመን ይለምናል፤ ልመናው የትሕትና ትምህርት እንጂ ውርደት ሆኖ አይቈጠርም።

በአኩፋዳው የሚገባው ቁራሽ የጤፍም፥ የገብስም፥ የማሽላም፥ የበቆሎም ሊሆን ይችላል። ተማሪው ከጎጆው ሲደርስ ለስላሳውን በጊዜው ይበላል፤ የተረፈውን ያሰጣዋል። ዝናም ሲበረታ፥ ወንዝ ሲሞላ ወይም ቅኔ ለመቊጠር ጊዜ ሲያጥረው ያንን ድርቆሽ አርሶ ይበላል። ብልህ ተማሪ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ ዛሬ ያገኘውን ዛሬ ከሚጨርስ ይልቅ ለክረምቱ የሚያደርቅ፥ ጨውና በርበሬ በትንሽ ቋጠሮ የሚያኖር፥ ለታመመ ጓደኛውም የሚያካፍል። ስለዚህ ተማሪው በጎጆው ብቻውን ቢቀመጥም የሚበላው ከአሥር ቤት መሶብ የወጣ ነው። ልማዱ ትምህርት ቤቱን ያለ ደመወዝና ያለ ወጥ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየው በዚህ መንገድ ነው።

5. መበለቲቱና ተራዋ

በገጠር አንዲት ሴት ባሏ ሞቶ ልጆቿም ተበትነው ብቻዋን ስትቀር፥ ዘመድ ብዙ ጊዜ አንድ የልጅ ልጅ ይሰጣታል፤ ልጁ ውሃ ይቀዳል፥ እሳት ያነዳል፥ ከሁሉም በላይ የማዕድ ጓደኛ ይሆናታል። ይህ ባልተገኘ ጊዜ ጎረቤት ይተካል። እርሾ ከጎረቤት ይገኛል። የጎረቤት ምጣድ በጋለ ጊዜም ጥቂት ሊጧን ይዛ ሄዳ ትጋግራለች። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ትጠራለች፤ እርሷም በተራዋ ትጠራለች። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚቀዳ ቡና ለአንድ ሰው የሚፈላ አይደለምና።

በመካከላቸው ትልቁን ቦታ የያዘው ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባሎች በየወሩ በአንድ ቅዱስ ቀን፥ ለምሳሌ በ12 በሚካኤል ወይም በ21 በማርያም፥ ጽዋውን በሚቀበለው አባል ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፥ ይጠጣሉ። መበለቲቱ በየዕለቱ የምትበላው ቂጣ ወይም ጥቂት ሽሮ ይሆናል፤ ተራዋ በደረሰ ቀን ግን ጠላ ጠምቃ፥ ዳቦ ጋግራ፥ ወጥ ሠርታ ትጠብቃለች። ለዚህም ወራት ሙሉ ታጠራቅማለች። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ለድኻ የማይገባ ወጪ መስሎ ይታየው ይሆናል። እርሷ ግን በዚያ አንድ ቀን አብሊ በመሆኗ፥ በቀሩት ወራት በሌሎች ቤት ያለ ኀፍረት ትበላለች። ተራዋን ለመፈጸም አቅም ሲያጥራትና በኀፍረት ከማኅበሩ ስትወጣ ነው ብቸኝነቷ የሚጀምረው። እስከዚያ ቀን ድረስ በቤቷ ብቻዋን ስትበላ የቆየች ብትሆንም ማዕድ አልባ አልነበረችም። ስለዚህ አስተዋይ ማኅበርተኞች የደከመችውን አባል ድርሻ በማቅለል ወይም ከሌላ አባል ጋር በማጣመር በማኅበሩ ያቆዩአታል።

6. የከተማው ወንደላጤ

በአዲስ አበባ የእቴጌ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ፥ በገንዘብ እየከፈሉ በማያውቁት ሰው ፊት መብላት ለብዙ ሰው ነውር ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቶቻቸውን አስከትለው በዚያ በመመገብና ዋጋውን በመክፈል ሌላውን እንዳደፋፈሩ ይነገራል። ኋላም በ1928–1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ፓስታ፥ መኮሮኒ፥ ስልስና ፉርኖ ከነስማቸው በከተማው ምግብ ውስጥ ገቡ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ፥ መሥሪያ ቤቱና ፋብሪካው ብዙ ወጣት ከየገጠሩ ስቦ በኪራይ ክፍል አስቀመጠ። ወንደላጤ የተባለው የከተማ ሰው የተበራከተው እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው።

ወንደላጤው በቤቱ መሶብም ምጣድም የለውም። ያለው አንድ ምድጃ፥ አንድ ድስት፥ አንድ ሳሕንና ከአገር ቤት የመጣ ቋጠሮ ነው። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ሽሮና በርበሬ ነው። ሽሮው ከአተር፥ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ታምሶና ተከክቶ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብል፥ በሶብላ፥ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ከገባበት በኋላ የተፈጨ ነው። የብዙ ሰው የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቋጠሮ ተጠቃሏል። ስለዚህም ለአንድ ሰው የሚሆን ወጥ ለመሥራት የሚበቃው 3 ወይም 4 ማንኪያ ሽሮ ነው። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ በዝግታ እስኪበስል ይቁላላል፤ ጥቂት ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል፤ ውሃው ሲፈላ ሽሮው እየተነሰነሰ ይማሰላል፤ ከዚያም በቀስታ እስኪንተከተክና ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ይቆያል። ብዙ ላጤ የሚሳሳተው በችኮላው ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ውሃ ስለሚጨምር ወጡ የሽሮ ሾርባ ይሆንበታል። በሸክላ ድስት የሠራ ሰው ወጡን ከእሳት ካወረደ በኋላም በሙቀቱ ይበላዋል።

እንጀራውን ከሻጭ ይገዛል፤ የተረፈውን በማግሥቱ በበርበሬና በዘይት ወይም በቅቤ ፈርፍሮ ቁርስ ያደርገዋል። በፍስክ ቀን እንቁላል፥ በጾም ቀን ምስር ወይም ድንች ይጨምራል። ለበዓል በሬ ሲታረድ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር በቅርጫ ገብቶ አንድ መደብ ወይም ግማሹን ይካፈላል፤ ያልበላውን ቋንጣ ያደርገዋል። በወር ሒሳብ ከአንዲት ባለሙያ ቤት የሚመገብም አለ፤ ይህ ሰው ለምግቡ ቢከፍልም በቤቱ ሰዎች ዘንድ ቀስ በቀስ እንደ ዘመድ ይታያል።

በደንብ የሚበላው ላጤ ከማይበላው የሚለየው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ቆሞ ከድስቱ የሚጐርስ፥ እጁን ሳይታጠብ ለሆዱ ብቻ የሚሯሯጥ አለ። እንጀራውን በሳሕን ዘርግቶ፥ እጁን ታጥቦ፥ ባርኮ ወይም አስባርኮ የሚቀመጥም አለ። ይህ ሁለተኛው ጎረቤቱ በር ቢያንኳኳ ያለ ድንጋጤ «እንብላ» ይላል፤ ማዕዱ ለመታየት የተዘጋጀ ነውና። ሥርዐቱን ለራሱ የጠበቀ ሰው ለእንግዳም ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።

ዛሬ ይኸው ቋጠሮ ባሕር ተሻግሯል። ወደ አሜሪካ፥ ወደ አውሮጳና ወደ ዐረብ አገሮች በሚሄደው መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፥ ሽሮ፥ በሶና ድርቆሽ ይገኛሉ። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው ወጣት ቀኑን ሙሉ ለሌላ ቤተ ሰብ ስታበስል ውላ፥ በመጨረሻ በወጥ ቤቱ ጥግ የእናቷን ድርቆሽ አርሳ ብቻዋን ትበላለች። በጓዳ ከሁሉ በኋላ ትበላ የነበረችው ሴት ዕጣ በሌላ አገር ተደግሟል። ልዩነቱ ያቺኛይቱ ያበላችው የራሷን ቤተ ሰብ መሆኑ ነው።

7. መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፥ ብቻውን የሚበላ ሰው በደንብ ይበላ ዘንድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው በሌሎች እጅ አስቀድሞ የተሰናዳ ስንቅ ነው። ሁለተኛው ለብቻም ቢሆን የማይቀር የማዕድ ሥርዐት ነው። ሦስተኛው በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢሆን ለሌሎች የሚያበላበት ተራ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ብቸኛው ሰው በራሱ ትጋት ሊያገኛቸው ይችላል። የመጀመሪያው ግን በእጁ አይደለም። ሽሮውን የምትከካ፥ ገብሱን የምትሸከሽክ፥ እንጀራውን የምታሰጣ እናት ወይም እኅት ስትደክም፥ ወይም እርሷም በተራዋ በከተማ ብቸኛ ስትሆን፥ ቋጠሮው ይቀራል። ሽሮና በርበሬ ከገበያ ተፈጭቶ መገኘቱ ይህን ጉድለት በከፊል ሞልቶታል፤ ነገር ግን የተገዛ ስንቅ የላከው ሰው የለውም።

ስለዚህ የማዕድን ልማድ የሚያጠና ሰው አዳራሹንና መሶቡን ብቻ ተመልክቶ ማለፍ አይገባውም። ቋጠሮውን ፈትቶ በውስጡ ያለውን ምን እንደ ሆነ፥ ማን እንዳሰናዳው፥ ለማንስ እንደ ተላከ መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ብቸኛ የሚባለው ሰው ከማን ጋር እንደሚበላ የሚታወቀው በዚያ ነውና።